60 ሳንቲ ሜትር ለውሻው፣ ቀሪው ለጌታው

የግቢ ውበትና የግቢ ጥበቃ በአንድ በጀት ሊታረቁ ይችላሉ

ቪላ ቤት የሚያከራይ ወይም የሚሸጥ ሰው ለደላላው ከሚነግራቸው ነገሮች መካከል ሁለቱ አይቀሩም። አንደኛው ግቢው አረንጓዴ መሆኑ ሲሆን ሁለተኛው ደግሞ ግቢው በሚገባ የሚጠበቅ መሆኑ ነው። ለአረንጓዴነቱ ሣርና አበባ ተገዝቷል፣ አትክልተኛ ተቀጥሯል። ለጥበቃው ውሻ ገብቷል፣ ቀለብና ክትባት ይወጣለታል። ይሁን እንጂ ደንበኛው በሩ ተከፍቶለት ሲገባ ብዙውን ጊዜ የሚያጋጥመው ሁለቱንም የማይመስል ነገር ነው። በአጥሩ ሥር የነበረው አበባ ተረጋግጦ አፈሩ አፍጥጧል፤ ሣሩ ላይ እዚህም እዚያም ቢጫ ክብ ታትሞበታል፤ ውሻውም ግቢውን እንዳያበላሽ ተብሎ ጥግ ላይ ታስሮ ይጮኻል።

ነገሩ የውበት ጉዳይ ብቻ ቢሆን ኖሮ በዚህ ገጽ ላይ ቦታ ባልተሰጠው ነበር። ጉዳዩ የገንዘብ ነው። ባለንብረቱ በአንድ እጁ የገዛውን በሌላ እጁ እያፈረሰ፣ ለፈረሰው ደግሞ በየዓመቱ እንደገና እየከፈለ ይኖራል። አትክልቱ ሲነደፍ ውሻው እንደሌለ ተደርጎ ይነደፋል። ውሻው ሲመጣም አትክልቱ እንደሌለ ተደርጎ ይለቀቃል። በዚህ ጽሑፍ ለማሳየት የምንሞክረው ሁለቱ በአንድ ግቢ ያለ ጠብ ሊኖሩ እንደሚችሉ፣ ለዚህም በዋናነት የሚጠየቀው መሥዋዕትነት ከአጥሩ ሥር 60 ሳንቲ ሜትር ስፋት ያላት ቁራጭ መሬት መሆኗን ነው።

ውሻው መንገዱን ቀድሞ ቀይሷል

ውሻ ግቢን የሚጠቀምበት መንገድ ከሰው የተለየ ነው። ሰው ከበሩ ወደ ቤቱ በአጭሩ ይሄዳል፤ ከዚያም በረንዳው ላይ ተቀምጦ የግቢውን መሃል ያያል። ውሻ ግን ሥራው ዳር ላይ ነው። ድምፅ በሰማ ቁጥር ወደ በሩ ይሮጣል፤ በውጭ የሚያልፈውን ሰው ከውስጥ ሆኖ በአጥሩ ርዝመት ይከተለዋል፤ ጠዋትና ማታ ዳር ዳሩን እያሸተተ ይዞራል። በጥቂት ሳምንታት ውስጥም በግንቡ ሥር ቀጭን መንገድ ይወጣል።

የአዲስ አበባ የግቢ አትክልት ልማድ ደግሞ አበባን የሚተክለው በትክክል እዚሁ መንገድ ላይ ነው። መሃሉ ሣር ይሆናል፤ ዳሩ በግንቡ ሥር አበባ ይደረደርበታል። እንግዲህ ጠቡ የሚጀምረው ውሻው ባለጌ ስለሆነ ሳይሆን ሁለት ሥራ ለአንድ መሬት ስለተሰጠ ነው። ውሻው በተመታና በተቆጣ ቁጥር መንገዱን አይተውም፤ ምክንያቱም የተገዛው ለዚሁ ሥራ ነው።

ስለዚህ የመጀመሪያው እርምጃ ዶማ ማንሳት አይደለም። ውሻው ለአንድ ሳምንት ያህል ሲለቀቅ የት እንደሚሮጥ፣ የት እንደሚተኛ፣ የት እንደሚሸናና የት እንደሚቆፍር ማየት ነው። ዝናብ ካባራ በኋላ ዱካው ጭቃው ላይ በግልጽ ስለሚታይ ሥራው ቀላል ነው። ያንን በወረቀት ላይ መንደፍ ምንም ወጪ የለውም፤ ከዚያ በኋላ የሚመጣውን ወጪ ግን በእጅጉ ይቀንሳል።

ሁለተኛው እርምጃ የአበባውን መደብ ከግንቡ 60 ሳንቲ ሜትር ማራቅ ነው። በግንቡና በመደቡ መካከል በሚቀረው ቦታ ላይ ኮብልስቶን ወይም ድብልብል የወንዝ ጠጠር ይነጠፋል። ውሻ በሩጫ በሚዞርባቸው ማዕዘኖችና በበሩ አካባቢ ስፋቱ ወደ 1 ሜትር ቢያድግ ይመረጣል። ሬድ አሽ ርካሽ ቢሆንም ለዚህ ሥራ አይመከርም፤ ጠርዙ ስለታም በመሆኑ የውሻውን መዳፍ ይቆርጣል፣ በክረምትም ቀይ ውኃው ግንቡንና በረንዳውን ያቆሽሻል። የአበባው መደብ በድንጋይ ወይም በብሎኬት ከ30 እስከ 40 ሳንቲ ሜትር ከፍ ቢል ውሻው ድንበሩን በቀላሉ ይለያል።

ውጤቱን በረንዳው ላይ ለተቀመጠ ሰው ማሰብ አያዳግትም። ፊት ለፊቱ ሣር፣ ከሣሩ ቀጥሎ አበባ፣ ከአበባው በስተጀርባ ደግሞ ውሻው ሥራውን ይሠራል። መንገዱ በአበባው ስለሚጋረድ ከቤቱ በኩል ብዙም አይታይም። ከዚህ ባሻገር ይህች ቁራጭ መሬት ለግንቡም ባለውለታ ናት። አፈር ተከምሮበት በየቀኑ ውኃ የሚጠጣ ግንብ ርጥበት ይስባል፣ ልስኑም ከሥሩ ይረግፋል። ጠጠር ከተነጠፈና ወደ ቦዩ ዘንበል ከተደረገ ግን የግንቡ ሥር ይደርቃል፤ ቀለም ቀቢውም አበባ ሳይረግጥ ሥራውን ይሠራል።

ሰንሰለቱ ስንት ካሬ ይበላል?

ብዙ ሰው 60 ሳንቲ ሜትር ዙሪያውን መተው መሬት ማባከን መስሎ ይታየዋል። በተለይ ካሬ ሜትሩ በምን ያህል እንደሚሸጥ የሚያውቅ ነጋዴ ይህን ቢል አይፈረድበትም። በመሆኑም ሂሳቡን በአኃዝ ማየት ያስፈልጋል።

ለምሳሌ ያህል ከቤቱ ፊት ለፊት 10 ሜትር በ12 ሜትር የሆነ፣ በሦስት በኩል በግንብ የታጠረ፣ በአራተኛው በኩል ቤቱ ያለበት ግቢ እንውሰድ። ስፋቱ 120 ካሬ ነው። በሦስቱ ግንቦች ሥር 60 ሳንቲ ሜትር ብንተው የምንለቀው መሬት ወደ 20 ካሬ ይጠጋል። ይህም ከግቢው 17 ከመቶ ገደማ መሆኑ ነው።

አሁን ደግሞ የተለመደውን መፍትሔ እንመልከት። ሣሩ እንዳይበላሽ ተብሎ ውሻው በ3 ሜትር ሰንሰለት ግቢው ውስጥ ካለ ምሰሶ ወይም ዛፍ ጋር ይታሰራል። የታሰረ ውሻ ሰንሰለቱ የሚደርስበትን ሁሉ ይረግጣል፣ ይቆፍራል፣ ይሸናበታል። 3 ሜትር ሰንሰለት የሚያካልለው ክብ ደግሞ 28 ካሬ ነው። ይኸውም ከግቢው 23 ከመቶ ማለት ነው። በግንብ ሥር ከታሰረ ክቡ ለሁለት ይከፈልና 14 ካሬ ይሆናል። ነገር ግን ያ 14 ካሬ በአንድ ቦታ የተከማቸ ባዶ አፈር ስለሆነ ከየትኛውም አቅጣጫ ይታያል፤ በክረምት ጭቃ፣ በበጋ አቧራ ነው።

በልዋጩ የሚገኘውን አገልግሎትም ማመዛዘን ይገባል። በግንቡ ዙሪያ የሚዞር ውሻ 34 ሜትር አጥር ይጠብቃል። የታሰረ ውሻ የሚጠብቀው የሰንሰለቱን ርዝመት ብቻ ነው። በጓሮ በኩል የሚዘል ሌባ ይህን በደንብ ያውቃል። ከዚህም በላይ ቀኑን ሙሉ የታሰረ ውሻ ያለ ልዩነት ይጮኻል፣ ጠባዩም ይከፋል፤ ባለቤቱም ውሎ አድሮ ጩኸቱን መስማት ያቆማል። ቆጥ አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች እንዲሉ፣ ሣር ለማዳን ተብሎ ጥበቃውም ሣሩም አብረው ይሄዳሉ።

የ3 ዓመት ሂሳብ

የሣር፣ የድንጋይና የጉልበት ዋጋ ቶሎ ቶሎ ስለሚለዋወጥ በብር ከመናገር ይልቅ በንጽጽር ማስላቱ ይሻላል። ግቢውን ሙሉ በሙሉ ሣርና አበባ ለማልበስ የሚወጣውን ወጪ 100 እንበለው። ውሻው ከገባ በኋላ በየክረምቱ ማግሥት ከአትክልቱ ሲሶው እየተተካ ይሄዳል ብለን ብንገምት በ3 ዓመት ሌላ 100 ይወጣል። ድምሩ 200 ይሆናል፤ በ4ኛው ዓመትም ወጪው ይቀጥላል።

ቦታው አስቀድሞ ለሁለት ቢከፈልስ? ከግቢው 83 ከመቶው በሣርና በአበባ ሲለብስ ወጪው 83 ነው። ቀሪው 17 ከመቶ በድንጋይ ይነጠፋል። የድንጋይ ንጣፍ በካሬ ሜትር የሣሩን 3 እጥፍ ያስወጣል ብንል 51 ይሆናል። ለጥቃቅን ጥገና በዓመት 5፣ በ3 ዓመት 15 ብንጨምርበት ጠቅላላው 149 ነው። ከ200 ጋር ሲነጻጸር ሩቡ ተቆጥቧል ማለት ነው። በእነዚሁ ግምቶች ሁለቱ አማራጮች እኩል የሚሆኑት የድንጋይ ንጣፉ የሣሩን ዋጋ 6 እጥፍ ሲሆን ነው። አንባቢ የራሱን ግቢ ስፋትና በአካባቢው ያገኘውን ዋጋ አስገብቶ ቢያሰላው የሚያዋጣው የትኛው እንደሆነ በግማሽ ሰዓት ውስጥ ይለያል።

የትኛው ሣር?

ለውሻ ግቢ የሚሆነው ሣር ሲረገጥ ራሱን በራሱ የሚጠግነው ነው። በዚህ ረገድ ሁለት ዓይነት ሣሮች ለአገራችን ደጋ የተፈጠሩ ያህል ይስማማሉ። አንደኛው ሁሉም የሚያውቀው ሰርዶ ነው። ሁለተኛው ኪኩዩ የሚባለው ሲሆን፣ ስሙን ከኬንያ ቢያገኝም ተፈጥሯዊ መኖሪያው የእኛን ደጋ ጨምሮ የምሥራቅ አፍሪካ ከፍተኛ ቦታዎች ናቸው። ሁለቱም በመሬት ላይና በመሬት ውስጥ እየተሳቡ ስለሚዛመቱ የተጋጠውን ቦታ መልሰው ይሸፍናሉ። ሁለቱም ግን ጥላ አይወዱም። ትልቅ ዛፍ ሥር ሣር ለማብቀል መታገል ገንዘብ መጣል ስለሆነ እዚያ ቦታ ላይ ጠጠር ማድረጉ ይሻላል። ኪኩዩ አበባ መደብ ውስጥ ዘልቆ የመግባት ጠባይ ስላለው የመደቡ ጠርዝ 20 ሳንቲ ሜትር ያህል ወደ መሬት ቢቀበር ይመረጣል። ሣሩን እስከ አፈሩ ድረስ መላጨትም አይገባም፤ 5 ሳንቲ ሜትር ያህል ሲተርፍለት ርግጫውን ይቋቋማል። እጅግ ሲረዝም ደግሞ የመዥገር መደበቂያ ይሆናል።

ሣሩ ላይ የሚታየው ቢጫ ክብ የሚመጣው የውሻ ሽንት አሲድ ስለሆነ ነው የሚል እምነት አለ። እውነቱ ሌላ ነው። ሽንቱ ውስጥ ያለው ናይትሮጅን ዩሪያ ማዳበሪያ የሚሰጠው ያው ንጥረ ነገር ነው። በአንድ ቦታ ሲበዛ ያቃጥላል፤ በዳር በዳሩ በመጠኑ ሲደርስ ግን ሣሩን ያለመልማል። ቢጫው ክብ ዙሪያውን ደማቅ አረንጓዴ የሚሆነውም ለዚህ ነው። ሴት ውሻ በአንድ ቦታ ቁጢጥ ብላ ስለምትሸና ምልክቱ በእሷ ይብሳል። መድኃኒቱ ውድ አይደለም። ወዲያውኑ አንድ ባልዲ ውኃ ማፍሰስ ይበቃል። ወንድ ውሻ ቀጥ ብሎ የቆመ ነገር ስለሚፈልግ በጠጠሩ መንገድ ላይ ግንድ ወይም ትልቅ ድንጋይ ቢቆምለት አዲስ የተተከለው ጥድ ይተርፋል።

ሰው ሠራሽ ሣር የሚያስቡም አልጠፉም። ይህ ከውጭ የሚገባ ዕቃ በመሆኑ ሐምሌ 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ስሌቱ ተለውጧል። ከዋጋው ሌላ በፀሐይ ይግላል፣ በየጊዜው ካልታጠበም የሽንት ጠረን ይይዛል። ውሻ ላለው ግቢ የመጀመሪያ ምርጫ ሊሆን አይገባም።

ችግኝ ሲገዙ የሚጠየቅ ጥያቄ

ችግኝ ገዢ ዋጋውንና ቶሎ ማበቡን ይጠይቃል። መርዛማ መሆን አለመሆኑን ግን እምብዛም አይጠይቅም። በግቢዎቻችን ከተለመዱት መካከል ውሻን የሚገድሉ አሉ። ኦሊያንደር ከቅጠሉ እስከ ግንዱ መርዝ ነው፤ የልብ ምትን ያዛባል። የጉሎ ፍሬ ሲታኘክ ገዳይ ነው። ለጌጥ የሚተከለውና ዘንባባ የሚመስለው ሳይካስ በተለይ ፍሬው ጉበትን ያጠፋል። ረጅም ደወል የመሰለ አበባውን ወደ ታች የሚያንጠለጥለው ቁጥቋጦና ሳይዘራ የሚበቅለው አጤ ፋሪስ ዘመዳሞች ናቸው፤ ሁለቱም ይመርዛሉ። የወፍ ቆሎም እንዲሁ ከውሻ መራቅ አለበት። ለአጥር የሚተከሉት ቅንጭብና ቁልቋል ነጭ ደማቸው ዓይን ውስጥ ከገባ ከባድ ጉዳት ያደርሳል፤ ይህ ለሰውም ጭምር ነው። በአንጻሩ በብርድ ወራት አናቱ ላይ ያሉት ቅጠሎቹ የሚቀሉት የገና አበባ ከስሙ ይልቅ የዋህ ነው፤ አፍና ሆድ ቢያስቆጣም ለሞት የሚያበቃው ከስንት አንዴ ነው።

የሚያሰጉት ተክሎች ብቻ አይደሉም። የቡና አተላ አበባ ሥር የመድፋት ልማድ በብዙ ቤት አለ። ቡናው ውስጥ የቀረው ካፌይን ለውሻ መርዝ ስለሆነ አተላው ውሻ በማይደርስበት መደብ ላይ ቢደፋ ይሻላል። የአይጥ መርዝ፣ የአጥንት ዱቄትና ማዳበሪያም በተከደነ ዕቃ መቀመጥ አለባቸው።

ምን ይተከል ለሚለው ደግሞ ጽጌረዳ፣ የጥብስ ቅጠል፣ በሶብላና ቀርከሃ ለውሻ መርዝነት የላቸውም። የጥብስ ቅጠል ጠንካራ ግንድ ስላለው ለመደብ ጠርዝ ተመራጭ ነው፤ ውሻ ሲታከከው መልካም ሽታ ከመስጠቱም በላይ ለወጥ ቤት ያገለግላል። ተክሉ ዓይነቱ ምንም ይሁን ምን ትናንሽ ችግኞችን አራርቆ መትከል ለውሻው መንገድ መክፈት ነው። ጥቂት ግን ጠና ያሉ ችግኞችን አቀራርቦ መትከልና ሥር እስኪሰዱ ድረስ ለ2 ወይም ለ3 ወር በሽቦ መከለል ያዋጣል።

መቆፈርን በተመለከተ ውሻ የሚቆፍረው ቀዝቃዛ አፈር ፍለጋ፣ አይጥ አሽትቶ፣ አጥንት ለመቅበር ወይም ሥራ ስለፈታ ነው። ጥላ ባለበት ጥግ 1 ሜትር ተኩል በ1 ሜትር ተኩል የሆነ የአሸዋ ጉድጓድ ተዘጋጅቶ አጥንቱ እዚያ ቢቀበርለት አበባውን ይተዋል። ቤቱም ቢሆን በቆርቆሮ ባይሠራ ይመረጣል፤ ቆርቆሮ ቀን ይግላል፣ ሌሊት ይበርዳል። ከመሬት ከ10 እስከ 15 ሳንቲ ሜትር ከፍ ያለ፣ ከቦታው ሆኖ የግቢውንም የቤቱንም በር የሚያሳይ የእንጨት ቤት ለውሻው ምቾት፣ ለጌታው ጥበቃ ነው።

ክረምትና በዓል

ከሰኔ እስከ መስከረም ባለው ጊዜ ያልታሰበበት ግቢ ወደ ሳሎን ይገባል። ጭቃ የያዘ መዳፍ ንጣፉንና ምንጣፉን ያበላሻል። ከቤቱ በር ፊት ለፊት 2 ወይም 3 ሜትር ያህል ድንጋይ ማንጠፍ፣ ንጣፉም በየሜትሩ 2 ሳንቲ ሜትር ያህል ወደ ቦዩ ዝቅ እንዲል ማድረግ ችግሩን በአብዛኛው ያስወግደዋል። ከአሸንዳው የሚወርደው ውኃ ወደ ሣሩ ሳይሆን ወደ ቦዩ መመራት አለበት፤ ረግረግ የሆነ ሣር በአንድ የውሻ ሩጫ ያልቃልና።

ግቢዎቻችን ከብዙ አገሮች ግቢዎች የሚለዩበት አንድ ነገር በበዓል ቀን በግ የሚታረድባቸው መሆኑ ነው። በዚያን ቀን ውኃ የቋጠረ ሳንባና ጉበት ለውሻ የመወርወር ልማድ አለ። ይህ አደገኛ ነው። ውኃ በቋጠረው ውስጥ ያለው ጥገኛ ትል በውሻው አንጀት ያድጋል፤ እንቁላሉ ከዓይነ ምድሩ ጋር ሣሩና ጎመኑ ላይ ይደርሳል፤ ከዚያም በልጆች እጅና ባልታጠበ አትክልት አማካይነት ሰው ላይ ተመሳሳይ እብጠት ያስከትላል። ስለሆነም ግቢው ሲነደፍ ውኃ የሚወርድበት፣ የተነጠፈና ውሻው የማይገባበት የእርድ ጥግ ሊኖር ይገባል። የተበከለው ሥጋ በጥልቅ መቀበር ወይም መቃጠል አለበት። የጓሮ አትክልት የሚተከልበት ቦታ በሽቦ መታጠር አለበት። የውሻ ዓይነ ምድር በየቀኑ መነሳት እንጂ በፍግነት ጎመን ላይ መዋል የለበትም።

በሩና ሕጉ

የግቢ ንድፍ የሚያበቃው በሩ ላይ ነው። በብዙ ቤቶች በላሜራው በርና በመሬቱ መካከል ውሻ አፍንጫውን የሚያወጣበት ክፍተት አለ። በዚያ ክፍተት አላፊ አግዳሚ ይነከሳል፤ የመንገድ ውሾችም ከግቢው ውሻ ጋር ይናከሳሉ። የእብድ ውሻ በሽታ ምልክቱ በሰው ላይ ከታየ በኋላ መዳኛ የለውም ማለት ይቻላል። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው በሰው ላይ ከሚደርሰው ውስጥ እስከ 99 ከመቶ የሚሆነው የሚተላለፈው በውሻ ነው። ክትባቱ ግዴታ መሆኑ እንዳለ ሆኖ ክፍተቱን መዝጋት የአንድ ብየዳ ሠራተኛ የግማሽ ቀን ሥራ ነው። የተነከሰ ሰው ቢኖር ቁስሉን ለ15 ደቂቃ በውኃና በሳሙና አጥቦ ወዲያውኑ ወደ ሐኪም መሄድ አለበት።

ሕጉም ቢሆን ለባለንብረቱ አያዝንለትም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 2071 የእንስሳ ባለቤት እንስሳው ላደረሰው ጉዳት ኃላፊ መሆኑን ይደነግጋል። እንስሳው በድንገት ያመለጠ ቢሆንም፣ ጉዳቱም አስቀድሞ ሊታሰብ የማይችል ቢሆንም ኃላፊነቱ አይቀርም። ስለዚህ ከዋናው በር ወደ ውስጥ ሁለት ሜትር ገባ ብሎ ወገብ ድረስ የሚደርስ ሁለተኛ በር መሥራት ከኪሣራ የሚያድን ኢንቨስትመንት ነው። ቆጣሪ የሚያነበው ሠራተኛ፣ ልብስ የምታጥበው ሴት፣ ቤት ለማየት የመጣው ደንበኛ ሁሉ ውሻው ሳይታሰር በሰላም ይገባሉ።

ለአከራይና ለተከራይ

የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320/2016 የኪራይ ውል ከ2 ዓመት እንዳያንስ ደንግጓል። 2 ዓመት ማለት ለግቢ 2 ክረምት ማለት ነው። ውሻ ያለው ተከራይ ባልተዘጋጀ ግቢ ውስጥ 2 ክረምት ሲያሳልፍ ከሣሩ የሚተርፈውን መገመት አያስቸግርም። አከራዩ ቤቱን ለሚቀጥለው ተከራይ ለማሳየት ሲፈልግ ወጪው ሁሉ በአንድ ጊዜ ይመጣበታል።

በመሆኑም ውሻ መኖሩ በውሉ ላይ በግልጽ ቢጻፍ፣ ግቢውም ሲረከብ በፎቶግራፍ ቢያዝ፣ ሣሩን የሚተካው ማን እንደሆነ አስቀድሞ ቢወሰን ሁለቱም ወገኖች ከጭቅጭቅ ይድናሉ። ውሻ በበላበት ይጮኻል እንደሚባለው ውሻው የተከራዩ ነው፤ መሬቱ ግን የአከራዩ ነው። የድንጋዩን መንገድ አከራዩ ቢያሠራ፣ የሣሩን እንክብካቤ ተከራዩ ቢሸከም ክፍፍሉ ፍትሐዊ ይመስለናል። ድንጋዩ ከውሉ በኋላም ይቀራልና።

ክፍት የሆነ ገበያ

በሌላ አገር ይህ ጉዳይ ራሱን የቻለ ሙያ እየሆነ ነው። በግንቦት 2017 ዓ.ም. በለንደን በተካሄደው የቼልሲ የአበባ ትርዒት ላይ የእንግሊዝ ንጉሣዊ የአትክልት ማኅበርና ቢቢሲ ሬዲዮ 2 ለውሾች ተብሎ የተነደፈ አትክልት አቅርበው ነበር። ነዳፊው በቴሌቪዥን የአትክልት ፕሮግራም የሚታወቀው ሞንቲ ዶን ነው። መሃሉ ሣር፣ መንገዱ የውሾች ስም የተቀረጸበት ጡብ ነበር፤ ውሾች የሚቀዘቅዙበት ውኃም ተዘጋጅቶለት ነበር። እዚያ ውሻው የቤተሰብ ጓደኛ ነው። እኛ ዘንድ በአብዛኛው የሥራ ባልደረባ ነው። ለሥራ የመጣ ደግሞ የሥራ ቦታ ሊዘጋጅለት የበለጠ ይገባል።

በከተማችን ችግኝ ሻጩ ችግኝ ይሸጣል፣ ድንጋይ ነጣፊው ድንጋይ ይነጥፋል፣ ብየዳ ሠራተኛው በር ይሠራል፣ የእንስሳት ሐኪሙ ክትባት ይሰጣል። አራቱን አቀናጅቶ ውሻ ያለው ግቢ እንዲህ ይሠራል፣ ይህን ያህል ያወጣል ብሎ በአንድ ውል የሚረከብ ሰው ግን ባለቤቱ ራሱ ሊሆን ተገድዷል። አራት ቦታ ዋጋ መጠየቅ፣ አራት ቀጠሮ መጠበቅና ሥራዎቹ እርስ በርስ ሲጋጩ መዳኘት የእሱ ዕጣ ነው። የሰው ጊዜ ዋጋ ባለው ከተማ ውስጥ ይህን ጣጣ የሚያስቀር አገልግሎት ገዢ አያጣም። ሥራውን ለመጀመር የሚያስፈልገው ካፒታልም ትልቅ አይደለም። ሜትር፣ ወረቀት፣ የመርዛማ ችግኞችን ዝርዝር ማወቅና የታመነ የድንጋይ ሠራተኛ ነው። ቤት ሠርተው የሚሸጡ ኩባንያዎችም የግንቡን ሥር 60 ሳንቲ ሜትር ከመጀመሪያው በድንጋይ አንጥፈው ቢያስረክቡ ገዢው በኋላ ከሚያፈርሰው አበባ ይልቅ ይመሰገኑበታል።

እስከዚያው ድረስ ግቢ ለማየት የሚሄድ ገዢም ሆነ ደላላ መጀመሪያ መሃሉን ሣር ሳይሆን የግንቡን ሥር ይመልከት። አፈሩ ተረጋግጦ፣ ልስኑ ረግፎ፣ ምሰሶው ላይ ሰንሰለት ተንጠልጥሎ ካገኘ የሚጠብቀውን ወጪ በዋጋው ድርድር ላይ ያንሳው። ድንጋይ ተነጥፎበት፣ ውኃው መውረጃ አግኝቶ፣ አበባው ከግንቡ ፈንጠር ብሎ ካገኘው ግን የተጠየቀው ዋጋ ትንሽ ከፍ ቢል ምክንያት አለው።